ሰሜን ሸዋ ገጠር ስትወጡ መንገድ ላይ ስለምታዩዋቸው ነገሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ገጠርን በመኪና መስኮት ብቻ ለሚያውቅ፣ አንድ ቀን ግን ወርዶ በእግሩ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው። ስለ ላሊበላና ስለ ጎንደር የተጻፈ ሞልቷል። እዚህ የማወራው ማንም ቲኬት ስለማይቆርጥላቸው ነገሮች ነው፤ ስለ ክምር፣ ስለ ካብ፣ ስለ ጎተራ፣ ስለ ዋርካ። እነዚህ ነገሮች ለዓይን እንዲያምሩ አልተሠሩም። እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። ሥራቸውን ስታውቁ አገሩ ሌላ ሆኖ ይታያችኋል።

አገሩ ሰፊ ሆኖ ሳለ ለምን ሰሜን ሸዋ?

አንደኛ ቅርብ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን አልፎ ነው መንገዱ። ሁለተኛ፣ ደጋውንም ቆላውንም በአንድ ቀን ታያላችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር አካባቢ ትሆናላችሁ። ጠዋት ጋቢ ደርባችሁ የገብስ ማሳ ዳር የቆማችሁ ሰዎች፣ ከሰዓት በሸሚዝ ማሽላ ማሳ አጠገብ ትቆማላችሁ።

ሰሜን ሸዋ ስል በአማራም በኦሮሚያም ክልል ያለውን ማለቴ ነው። በፍቼና በደብረ ሊባኖስ በኩል የምትወጡ ከሆነ «አካም» ብላችሁ ሰላምታ ብትጀምሩ ሰው ፊቱ ይፈታል።

መንገዱ ሰላም ነው?

ይህን ሳታጣሩ አትነሱ። ባለፉት ዓመታት ግጭት ያልነካው የአካባቢው መንገድ ጥቂት ነው፤ ዛሬ ክፍት የሆነው ነገ ሊዘጋ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው እዚያው ለሚኖር ሰው መደወል ነው። ዘመድ ከሌላችሁ መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቁ። እነሱ «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሉ ይቅርባችሁ። ክምሩ የትም አይሄድም።

ስንት ወር ላይ ብሄድ ይሻላል?

ብዙ ሰው መስከረምን ይመርጣል። እውነትም አደይ አበባው፣ ሙሉ ወንዙ፣ ታጥቦ የጠራው ሰማይ የሚገኘው ያኔ ነው። እኔ ግን የምመርጠው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ነው። ያኔ ገበሬው ማሳው ላይ ነው። አጨዳ አለ፣ ክምር አለ፣ ውቂያ አለ። አገሩ ወርቅማ ይሆናል። ብርዱ ግን ቀልድ አይደለም። በደጋው ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ለብሶ ታገኙታላችሁ።

ክረምት ላይ መውጣት የምትፈልጉ ካላችሁ ስለ ዋልካው ልንገራችሁ። የጅሩና የእነዋሪ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በክረምት ውሃ ይይዝና ጫማ ላይ ይጣበቃል። አሥር እርምጃ ሳትሄዱ እያንዳንዱ እግራችሁ ሁለት ኪሎ ይጨምራል። የአገሬው ሰው ያኔ ቦቲ ያጠልቃል ወይም ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ይሄዳል። ይህ አስቸጋሪ አፈር ነው ግሩም ጤፍና ስንዴ የሚያበቅለው። ገበሬዎቹ በማሳው ላይ መደብና ቦይ እያወጡ ውሃውን ያጠነፍፉታል። በነሐሴ ከፍ ካለ ቦታ ቆማችሁ ብታዩት መስመር በመስመር የተሰመረ ጥቁር ሜዳ ነው። የጅሩ ሰንጋ የሚባለው በሬም እዚሁ ቤት ውስጥ ታስሮ፣ ገለባና ጓያ እየተመገበ የሚደልበው ነው።

ከሩቅ የሚታየው፣ በባዶ ማሳ መሐል ብቻውን የቆመው ጥቁር አረንጓዴ ደን ምንድን ነው?

ቤተ ክርስቲያን ነው። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ እንደዚያ ነው። ጠጋ ስትሉ በዛፎቹ መሐል ክብ ጣሪያና ጉልላት ብቅ ይላል።

ዛፎቹን ልብ በሉ። ጽድ፣ ወይራ፣ አንዳንድ ቦታ ዝግባና ኮሶ። እነዚህ አገር በቀል ዛፎች ናቸው፤ በዙሪያው ባሉ ማሳዎች ላይ አታገኟቸውም። ለእርሻ፣ ለማገዶ፣ ለቤት ሲባል አልቀዋል። በቅጥሩ ውስጥ ያሉት የተረፉት የታቦቱ ናቸው ተብለው ነው። ዛፉን መቁረጥ ነውርም ኃጢአትም ነው፤ ሰው ጠባቂ ሳይቆምበት ራሱ ይፈራዋል። ስለዚህ አካባቢው ማሳ ከመሆኑ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ይግባ። ወፉ ሌላ ነው፣ ንቡ ሌላ ነው፣ አየሩ ራሱ ይቀዘቅዛል። ብዙ ጊዜ ከደኑ ሥር ምንጭ አለ፤ ጠበልም ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ችግር ከብት ነው። ከብት ከገባ ችግኝ አያድግም። ትልልቆቹ ዛፎች ያረጃሉ፣ የሚተካቸው አይኖርም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በተለይ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር አሠርተዋል። ድንጋዩ ከማሳ የተለቀመ ነው። ማሳው ይጸዳል፣ ደኑ ይታጠራል። እንደዚህ ያለ ቀላል መፍትሔ ሰሜን ሸዋ ውስጥም ብዙ ቦታ ቢደረግ ደስ ይለኛል።

ቅጥሩ ውስጥ መግባት ይቻላል? ምን አያለሁ?

ይቻላል። ከበሩ ቆማችሁ ተሳለሙ፤ ሃይማኖታችሁ ሌላ ከሆነም ዝም ብላችሁ ትንሽ ቆማችሁ ግቡ። ሴቶች ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ። ሕንፃው ውስጥ የሚገባው ጫማ አውልቆ ነው። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ጎብኝነቱ ይቆየን። የሚያስረዳ ሰው ከፈለጋችሁ ካህን ወይም ዲያቆን ጠይቁ።

ደወሉን ሳታዩ እንዳትወጡ። በድሮዎቹ አጥቢያዎች የብረት ደወል ላይኖር ይችላል። ከወይራ ቅርንጫፍ ላይ፣ ወይም በሁለት ቋሚ መሐል በተጋደመ እንጨት ላይ፣ ረጃጅም ጠፍጣፋ ድንጋዮች በጠፍር ተንጠልጥለው ታያላችሁ። ከአጠገባቸው ጭብጥ የምታህል ድንጋይ ትኖራለች። መቺዋ እሷ ናት። የተንጠለጠለው ድንጋይ መሐሉ ላይ ለዘመናት ከመመታቱ የተነሣ ጎድጉዷል፣ ጉድጓዱም ልስልስ ብሏል። ሲመታ ብረት ነው የሚመስለው። ድምፁ ሸለቆ ተሻግሮ ይሰማል። እናንተ ግን አትምቱት፤ ሰው ሰዓቱ የደረሰ መስሎት ከቤቱ ይወጣል።

ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ የምታዩት ትንሽ ቤት ቤተልሔም ይባላል። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ስለሆነ ወደዚያ አትጠጉ። ከቅጥሩ ጥግ ወይም ውጭ ያሉት ጎጆዎች ደግሞ የአብነት ተማሪዎች ቤቶች ናቸው።

ሰዎች መንገድ ላይ ድንገት ቆመው የሚያማትቡት ለምንድን ነው? ምንም የለም እኮ።

አለ። እናንተ አላያችሁትም እንጂ። ከዚያ ቦታ ላይ ሆኖ ሲታይ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ብቅ ይላል፣ ምናልባትም ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ርቀት ላይ። ቦታው መሳለሚያ ይባላል። በበቅሎ የሚሄድ ሰው እዚያ ሲደርስ ይወርዳል። ቦታውን የሚያሳየው አንድ ዛፍ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ወይም ሰው በአንድ በአንድ የጣለው የጠጠር ቁልል ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ መርካቶ አጠገብ ያለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

ባሕር ዛፍ ለምን እንደዚህ በዛ? ጥሩ ነው መጥፎ?

ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከተማዋ በዙሪያዋ ያለውን እንጨት ጨርሳ ተቸግራ ነበር። ባሕር ዛፉ ቶሎ አደገና ከተማዋን አዳናት። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከብት ቅጠሉን አይበላውም። ለገበሬው እንደ ባንክ ነው፤ ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ ማዳበሪያ መግዣ ሲጠፋ ጥቂት አጣና ተቆርጦ ይሸጣል።

ጉዳቱም እውነት ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም። ምንጭ አጠገብ የተተከለ ባሕር ዛፍ ምንጩን ያደርቀዋል ብለው ገበሬዎቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። እኔ ገበሬውን የምወቅስበት አፍ የለኝም። የምንኖርባቸው ፎቆች የተሠሩት በዚሁ አጣና መወጣጫ ላይ ቆሞ ነው።

ማሳ ላይ እንደ ትንሽ ጎጆ የተከመረው ምንድን ነው? ከአጠገቡ ያለው ክብ ሜዳስ?

ጎጆ የሚመስለው ክምር ነው፤ የታጨደ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ጤፍ። ዛላው ወደ ውስጥ፣ አገዳው ወደ ውጭ ሆኖ ይደረደራል። ጫፉ ይሾላል። እንደዚያ የሆነው ያለጊዜው ዝናብ ቢመጣ ውሃው ከላይ ተንሸራቶ እንዲወርድ፣ እህሉ እንዳይበሰብስ ነው። ክምር መከመር የሚችል ሰው በሰፈሩ ይታወቃል። ያዘመመ ክምር ያያችሁ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ሲያስታውስ የሚቆጭበት ነው።

ክቡ ሜዳ አውድማ ነው። ይህንን ቆም ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ መሬቱ ይላጫል፣ ይደለደላል፣ ይጠቀጠቃል። ከዚያ እበት በውሃ ተበጥብጦ በእጅ ወይም በቅጠል ይለቀለቃል። ሲደርቅ እንደ ጠንካራ ምንጣፍ ይሆናል፤ አፈርና ጠጠር ከእህሉ ጋር አይቀላቀልም። ነዶው ይበተንበታል። በሬዎቹ እየዞሩ ያበራዩታል። አንድ ልጅ ከኋላ ከኋላቸው እየሄደ ይነዳል። ይዘፍንላቸዋልም። በሬው እበት ሊጥል ሲል ልጁ ጭድ ዘርግቶ ይቀበለዋል፣ እህሉ ላይ እንዳይወድቅ። ገለባው በመንሽ ይነሣል። ቀጥሎ ነፋስ ይጠበቃል። ነፋሱ ደግ ሲሆን ሰውየው እህሉን በላይዳ ወደ ላይ ይበትነዋል። ገለባው ወደ ጎን ይበራል፤ ፍሬው እዚያው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ነፋስ እምቢ ካለ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የዓመት ልፋት በሰዓታት ነፋስ የሚለይበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ዘላችሁ አትግቡበት። ከዳር ቆማችሁ «ያበርክትላችሁ!» በሉ። ከጠሯችሁ ግቡ። ከገባችሁም ጭድ ማቀበል ትችላላችሁ፤ ደስ ይላቸዋል።

በቅርብ ዓመታት ስንዴ በብዛት በሚዘራበት ሜዳ ኮምባይነር ይገባል፣ እንዲህ ባለ ቦታ አውድማው እየቀረ ነው። ጤፍና ገብስ በሚዘራበት ተዳፋት ግን አሁንም በሬ ነው።

ግቢ ውስጥ የቆመው ትልቅ ቅርጫት መሳይ ነገርስ?

ጎተራ። ከአውድማ የመጣው እህል የሚገባበት። ከጭራሮ ወይም ከቀጭን እንጨት ይታጠራል፣ በጭቃና በእበት ይመረጋል፣ ሣር ክዳን ይደፋበታል። ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ የተቀመጠው ከርጥበትና ከአይጥ እንዲርቅ ነው። ቤት ውስጥ የሚቀመጠው፣ ከጭቃና ከጭድ የሚሠራው ደግሞ ጎታ ነው። የቤተሰቡን የዓመት ኑሮ በጎተራው ማወቅ ይቻላል። ስለዚህ «ስንት ኩንታል አለበት?» ብሎ መጠየቅ የሰው ኪስ እንደመዳበስ ይቆጠራል። አትጠይቁ።

ግድግዳው ሥር ወይም በር ላይ ክብ ክብ ሆኖ የተደረደረው ኩበት ነው። እበት በእጅ ተጠፍጥፎ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ለማገዶ የሚቀመጥ። ደብረ ብርሃን አካባቢ የኩበት ክምሩ ራሱ ቤት ያህላል። ደጋው ብርድ ነው፣ እንጨት የለም። ግን ምድጃ የገባ እበት ማሳ አይገባም፤ ለአፈሩ ማዳበሪያ መሆን የነበረበት ነው የሚነደው።

በመንዝ ቤቶቹ ለምን ድንጋይ ሆኑ?

ድንጋይ ስላለ፣ እንጨት ስለሌለ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ብርዱን ይመክታል። ጣሪያው በጓሳ ሣር ይከደን ነበር። አሁን ቆርቆሮ እየተካው ነው። ቆርቆሮ አይታደስም፣ እሳት አይፈራም፤ ገበሬው ቢመርጠው እውነት አለው። የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያደረ ሰው ግን ሙቀቱን አይረሳም። ክዳኑ ጫፍ ላይ የተደፋ ሸክላ ካያችሁ ዝናብ በምሰሶው በኩል እንዳይገባ ነው።

መንዝ ከገባችሁ በጎቹን እዩ። ጠጉራቸው ተፈትሎ ባና፣ ማለትም ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ይሠራበታል፤ የመንዝ ሰው በርኖስም ከዚሁ ነው። ገበያ ላይ ባና ካገኛችሁ ግዙ። ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ገደል ጫፍ ላይ ሣር የሚነጩት፣ ጎፈር ያላቸው ዝንጀሮዎች ምንድን ናቸው?

ጭላዳ ናቸው። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የሚኖሩበት አገር የለም። ደረታቸው ላይ ቀይ ቆዳ አላቸው። ቁጭ ብለው ቀኑን ሙሉ ሣር ይነጫሉ፣ ማታ ገደል ወርደው ያድራሉ። በደብረ ሊባኖስ ገደል ላይም፣ በጣርማ በርና በመንዝ በኩልም ታገኟቸዋላችሁ። ሰው ብዙም አይፈሩም። ምግብ ግን አትስጧቸው፤ የሰው ምግብ የለመደ ጭላዳ ማሳ ይገባል፣ ከገበሬው ጋር ይጣላል።

በብዛት ማየት የሚፈልግ ወደ ጓሳ ይሂድ። ጓሳ ከመሐል ሜዳ ከተማ የማይርቅ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሜዳ ነው። ቀይ ቀበሮም ይኖርበታል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከጥቂት መቶ አይበልጥም፤ ሁሉም እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው ያለው። በሜዳው ላይ እንደ ሰው ቆሞ የምታዩት ረጅም ተክል ጅብራ ነው።

ስለ ጓሳ የሚገርመኝ ሰዎቹ ናቸው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው ሜዳውን በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ቄሮ ይባላል ሥርዓቱ። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ለጣሪያ፣ ለገመድ፣ በድርቅ ጊዜ ለከብት። ያለጊዜው ያጨደ ይቀጣል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ተናግቶ ነበር። ነዋሪው ግን በሌላ መልክ፣ በማኅበር ተደራጅቶ መልሶ ያዘው። በአገራችን ስለ ጥበቃ የሚያስተምር ሁሉ ትምህርቱን እዚህ ቢጀምር እላለሁ።

ተራራው ላይ ደረጃ ደረጃ የተሠራው ካብ ምን ያደርጋል?

አፈር ያስቀራል። ዝናቡ ሲመጣ አፈሩን ጠራርጎ እንዳይወስድ እርከኑ ይገታዋል። የቆዩ እርከኖች በይፋት ተዳፋት ላይ ታያላችሁ፤ ማሽላ ይዘራባቸዋል። አዲሶቹ አብዛኞቹ የተፋሰስ ሥራ ውጤት ናቸው። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ፣ ከውቂያ በኋላ፣ ሕዝቡ አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል። በሸለቆው ውስጥ በድንጋይ የተዘጋው ደግሞ ክትር ነው። ካብ ላይ ተንጠላጥላችሁ አትውጡ። አንድ ድንጋይ ከወረደ በክረምት ጎርፉ የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው።

ማሳ መሐል ብቻዋን የተተከለች ድንጋይ ካያችሁ አትንኳት። ወሰን ልትሆን ትችላለች። ከቦታዋ ብትነቃነቅ ሁለት ጎረቤታሞች ፍርድ ቤት ይቆማሉ።

ጣርማ በር ላይ ምን ልይ?

መኪና መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ዋሻ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከዋሻው ይልቅ ግን ቆማችሁ ምዕራብና ምሥራቁን እዩ። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ዝናብ በጀማ ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ከዚያ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ሜዲትራንያን። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ጉም ከሌለ ቆላው ቁልቁል ተዘርግቶ ይታያል። ጉም ከሆነ ደግሞ ከእጃችሁ ወዲያ አታዩም፤ ሹፌራችሁን አታዋክቡ።

ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው ድልድይ የፖርቱጋሎች ነው?

ስሙ እንደዚያ ወጥቶ ቀረ እንጂ ያሠሩት የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ። በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ነው። አሁንም ሰውና አህያ ይሻገርበታል። ገደሉ አጥር የለውም፤ ልጆች በእጅ ይያዙ።

ቱክ ቱክ የሚለው ድምፅ ከየት ነው? እንጨት ላይ የተደፋው ጣሳስ?

ድምፁ ወፍጮ ቤት ነው፤ የናፍጣ ሞተር። እህል የጫኑ አህዮች ወደዚያ ሲሄዱ ታያላችሁ። ጣሳው ደግሞ «ዛሬ ጠላ አለ» ማለት ነው። ጎራ በሉ።

መንገድ ስጠይቅ ሁሉም «ቅርብ ነው» ይለኛል። ለምን?

ለእሱ ቅርብ ስለሆነ ነው። አገጩን ወደ ሸንተረሩ ቀና አድርጎ «እዚችው ናት» ይላችኋል። «እዚ..ች» ብሎ ከጎተተው ሩቅ ነው፤ ባጭሩ ከቆረጠው ደህና ነው። ኪሎ ሜትር አትጠይቁ። «ፀሐይ የት ስትደርስ እንገባለን?» በሉ። በእጁ ሰማዩን ያሳያችኋል፣ እምብዛም አይሳሳትም። ከዚያ ላይ ለከተማ እግር ግማሽ ያህል ጨምሩበት።

ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ሰላምታ። «እንደምን ዋላችሁ፣ ከብቱ ደህና ነው? አዝመራው እንዴት ነው?» ይቅደም። ሽማግሌውን አባባ፣ አሮጊቷን እማማ በሉ። ቄስ ከሆኑ አባ ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ። ዋርካ ሥር ሰዎች ተሰብስበው ካያችሁ ደግሞ ቀስ በሉ። እድር ወይም ሽምግልና ሊሆን ይችላል። በመሐል አይታለፍም፤ ዞራችሁ እለፉ፣ አንገታችሁን ዝቅ አድርጉ።

ፎቶስ?

አስፈቅዱ። «ላንሣዎት?» በቂ ነው። እምቢ ካሉ ምክንያት አትጠይቁ። ከፈቀዱ አሳዩአቸው። ለልጆች ብር ወይም ከረሜላ አትበትኑ፤ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ከሆነ ደብተርና እስክሪብቶ ለመምህሩ ስጡ። ወታደር፣ ኬላና ድልድይ ላይ ካሜራ አታውጡ።

ውሻ ብፈራስ?

የገጠር ውሻ ሥራው መጮህ ነው። ግቢ ውስጥ ሳትጣሩ አትግቡ። ከአጥር ውጭ ቆማችሁ «ቤቶች!» በሉ። ባለቤቱ ይወጣል፣ ውሻውን ይገሥጻል። አትሩጡ። የገጠር ሰው ዱላ ከእጁ የማይለየው ለምን እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል፤ እናንተም አንድ ብትይዙ ለዳገቱም ይረዳችኋል።

ልጆቼ ያደጉት ውጭ አገር ነው። ምን ባሳያቸው ይሻላል?

ሁሉንም አታሳዩአቸው። አንድ ነገር ይከተሉ። ለምሳሌ እንጀራን። ማሳው ላይ የቆመውን ጤፍ በጣታቸው ይሹት፣ ፍሬው ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ይዩ። ክምሩን፣ አውድማውን፣ ጎተራውን፣ ወፍጮ ቤቱን በተራ ይጎብኙ። መጨረሻ ላይ የሆነች ዘመድ ምጣድ ፊት ያስቀምጧቸው። በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ያደገ ልጅ ይህን ቀን ያስታውሰዋል። ዘመድ ከሌላችሁ፣ የአካባቢውን አስተማሪ ወይም የግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ ቤት ፈልገው ያስገቧችኋል። ለእናትየው ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ።

ምን ይዤ ልውጣ?

ጋቢ ወይም ጃኬት፣ ጥሩ ጫማ፣ ባርኔጣ፣ ውሃ። ዝርዝር ብር፣ ምክንያቱም ገበያ ላይ መልስ አይገኝም። ደረቅ ስንቅ፤ ቆሎ ከሆነ ለመንገደኛም ማካፈል ይቻላል። በጾም ቀን ሥጋና ቂጣ በቅቤ አውጥታችሁ በሰው ፊት አትብሉ። ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ የያዛችሁ እንደሆነ መልሳችሁ ወደ ከተማ ይዛችሁ ተመለሱ። ላም ፌስታል ከዋጠች ሆዷ ውስጥ ይቀራል፤ ገበሬው ላሟ ለምን እንደከሳች ሳያውቅ ያጣታል።